ከቤት ሰርቨር የሚጠበቀው የክሮን ኢሜይል ሲቀር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በቤታቸው አነስተኛ ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ፣ የባክአፕና የጥገና ሥራዎችን ሌሊት ሌሊት በክሮን (ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) ለሚያሠሩ፣ ነገር ግን ከሥራዎቹ መምጣት የነበረበት ኢሜይል ለቀረባቸው ሰዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የራስፕቤሪ ፓይ መደበኛ ሲስተምም ከዴቢያን የተወለደ ስለሆነ እዚያም ያገለግላሉ። የትዕዛዞችና የፋይሎች ስም እዚህ በፊደላችን ቢጻፍም በተርሚናል ላይ የሚገባው በላቲን ፊደል ነው።

ሥራው ተሠርቷል፣ ኢሜይል ግን አልመጣም። ይህ በእርግጥ ብልሽት ነው?

የግድ አይደለም። ክሮን አንድ ሥራ መሳካቱን ወይም መክሸፉን መዝኖ ደብዳቤ አይጽፍም። የሚመለከተው ሥራው ጽሑፍ ማውጣቱን ብቻ ነው። ጽሑፍ ከወጣ፣ መደበኛ ውጤትም ይሁን የስህተት መልእክት፣ ሁሉንም ሰብስቦ ሥራው ሲያበቃ በአንድ ኢሜይል ይልካል፤ ምንም ካልወጣ ዝም ይላል። አርሲንክ የተባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ዝርዝር እንዲያትም ካልታዘዘ በስተቀር ፋይሎቹን በሰላም ገልብጦ ሲጨርስ አንድም ቃል ስለማያወጣ፣ ከእርሱ በኋላ ኢሜይል አለመምጣቱ ትክክለኛ ጠባይ ነው።

የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። ስክሪፕቱ ከሽፎ ነገር ግን ምንም ሳያትም ከወጣ፣ የመውጫ ኮዱ፣ ማለትም ሲያበቃ መሳካቱን በዜሮ የሚገልጽበት ቁጥር፣ ከዜሮ የተለየ ቢሆን እንኳ ክሮን ኢሜይል አይልክም። ከዚህም የባሰው ብዙ ሰው ከኢንተርኔት ገልብጦ የሚጠቀምባቸው የክሮን መስመሮች መጨረሻቸው ላይ «>/ዴቭ/ነል 2>&1» የሚል ጭራ የተቀጠለባቸው መሆኑ ነው። ይህ ጭራ መደበኛውን ውጤትም የስህተቱን መልእክትም አብሮ ስለሚጥል ለክሮን የሚተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ ኢሜይል የቀረበት ሰው ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት ክሮንታቡን፣ ማለትም የክሮን ሥራዎች የሚጻፉበትን ፋይል፣ ከፍቶ ይህ ጭራ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። የዘወትሩን ውጤት ብቻ ዝም ማሰኘት ከፈለጉ «>/ዴቭ/ነል» ብቻውን ይበቃል፤ «2>&1» ሲነሳ የስህተት መልእክቶች በኢሜይል መምጣት ይጀምራሉ።

ፍተሻውን ከየት ልጀምር?

ከመሐል እንዲጀምሩ እንመክራለን። መልእክቱ ከሥራው ተነስቶ እስከ እርስዎ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል፦ ሥራው ጽሑፍ ያወጣል፤ ክሮን ጽሑፉን ሰብስቦ «ሴንድሜይል» በሚል ስም ለተቀመጠው የመላኪያ ፕሮግራም ያስረክባል፤ የመላኪያው ፕሮግራም ለኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ያደርሳል፤ አገልግሎት ሰጪው ደግሞ ወደ መልእክት ሳጥንዎ ያስገባል ወይም ወደ አይፈለጌ መልእክት ማህደር ይጥላል። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ሁሉንም መመርመር ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ክሮን ለመላኪያው ፕሮግራም በሚያስረክብበት ቦታ ላይ አንድ ሙከራ ቢደረግ ግን የሚፈተሸው መንገድ ወዲያው በግማሽ ይቀንሳል።

ሙከራው ቀላል ነው። በተርሚናል ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ጽፈው በቀጥታ ለሴንድሜይል ያስረክቡ፣ ተቀባዩም የራስዎ አድራሻ ይሁን። ደብዳቤው ከደረሰ የመላኪያው ክፍል ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው በክሮን ወይም በሥራው በኩል ነው። ካልደረሰ ክሮንን ለጊዜው ይተዉትና የመላኪያውን ፕሮግራም ይመርምሩ። ሙከራውን ሥራው በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ማድረግ አስፈላጊ ነው፤ ሥራው የሩት (በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው የአስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ሆኖ ሳለ ሙከራው በራስዎ ስም ከተደረገ፣ የሚነበበው የቅንብር ፋይልም የሚጻፈው የላኪ አድራሻም ሊለያይ ስለሚችል ውጤቱ ያሳስታል።

ቀጥሎ በክሮንታቡ ውስጥ በየደቂቃው «ኤኮ» በሚለው ትዕዛዝ አንድ ቃል ብቻ የሚያትም የሙከራ መስመር ይጨምሩ፤ አምስቱም የሰዓት ቦታዎች ኮከብ ይሆናሉ። ይህ መስመር ጽሑፍ ማውጣቱ የተረጋገጠ ስለሆነ ኢሜይል ካልመጣ ጥፋቱ የዋናው ሥራዎ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሙከራው እንዳበቃ መስመሩን ማጥፋት አይዘንጉ።

በሎግ (በሰርቨሩ የክንውን መዝገብ) ውስጥ «ኤምቲኤ ስላልተጫነ ውጤቱ ተጥሏል» የሚል መልእክት አገኘሁ። ምን ማለት ነው?

ለኢሜይል መቅረት በጣም ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱን አግኝተዋል ማለት ነው። ኤምቲኤ የሚባለው ኢሜይል ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው። ክሮን ራሱ ኢሜይል መላክ አይችልም፤ ሴንድሜይል የሚባል ፕሮግራም በተለመደው ቦታ ላይ እንዲያገኝ ይጠብቃል። ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚጠቀሙበት ክሮን መሠረቱ ፖል ቪክሲ እ.ኤ.አ. በ1987 የጻፈው ፕሮግራም ነው። ያን ጊዜ የዩኒክስ ኮምፒውተር ከነኢሜይል ማመላለሻው መምጣቱ የተለመደ ስለነበር ይህ ግምት ችግር አልነበረውም። ዛሬ ግን ኡቡንቱ ሲጫን ኤምቲኤ አብሮ አይመጣም። ክሮን የሰበሰበውን ጽሑፍ የሚያስረክበው ሲያጣ በሎጉ ላይ ያንን አንድ መስመር ጽፎ ጽሑፉን ይጥለዋል፤ የተጣለው ጽሑፍ በኋላ ኤምቲኤ ቢጫንም ተመልሶ አይገኝም።

ሎጉን የሚያዩት «ጆርናልሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ የክሮንን አገልግሎት ለይተው በመጥራት ነው። ዴቢያን ከ12ኛው እትም ጀምሮ ሎግን በፋይል የሚጽፈውን አርሲስሎግን በራሱ ስለማይጭን፣ በድሮ መመሪያዎች ላይ የተጠቀሰው «/ቫር/ሎግ/ሲስሎግ» ፋይል ቢጠፋብዎት አይደንግጡ። እዚያው ሎግ ላይ ሥራው የተጀመረበት ሰዓት «ሲኤምዲ» ከሚል ምልክት ጋር ይመዘገባል፤ ይህ መስመር ከሌለ ሥራው ከነጭራሹ አልተነሳም ማለት ነው።

የትኛውን የመላኪያ ፕሮግራም ልጫን?

ለቤት ሰርቨር በብዛት የሚመከሩት ኤምኤስኤምቲፒ፣ ነልሜይለርና ፖስትፊክስ ናቸው። ኤምኤስኤምቲፒ ከሁሉም ቀላል ነው፤ አንድ አጭር የቅንብር ፋይል ይበቃዋል፤ «ኤምኤስኤምቲፒ-ኤምቲኤ» የሚባለው ጥቅል ሲጨመርበት በሴንድሜይል ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ወረፋ የለውም። ደብዳቤውን በተቀበለበት ቅጽበት መላክ ካልቻለ ስህተት መልሶ ይወጣል፣ ደብዳቤውም በዚያው ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔቱም መብራቱ ከመጣ በኋላ ዘግይቶ በሚመለስበት ቤት ውስጥ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። ሌሊት ላይ ባክአፑ ከሽፎ ስለ መክሸፉ የሚናገረው ደብዳቤም አብሮ የሚጠፋው በአንድ ምክንያት፣ በኢንተርኔቱ መቋረጥ፣ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ይሁን በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ሰርቨር ላላቸው ወረፋ ያለው ፕሮግራም እንዲመርጡ አጥብቀን እንመክራለን። ፖስትፊክስ ደብዳቤውን በዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ በሙከራዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ ጀምሮ እስከ 4000 ሴኮንድ እያረዘመ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በተለመደው ቅንብሩ እስከ 5 ቀን ድረስ ተስፋ አይቆርጥም። ነልሜይለርም ወረፋ አለው፤ ከፖስትፊክስ ይልቅ ቀላልና ሥራው ውስን ነው። ፖስትፊክስን ሲጭኑ ከሚቀርቡት ምርጫዎች ኢሜይልን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያስተላልፈውን ይምረጡ እንጂ በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ የሚያደርሰውን አይምረጡ። በዴቢያን ላይ «ሊብሳስል2-ሞጁልስ» የተባለው ጥቅል ካልተጫነ ፖስትፊክስ የይለፍ ቃሉን የሚያቀርብበት ዘዴ አጥቶ በሎጉ ላይ የማረጋገጫ ስህተት ይጽፋል። የይለፍ ቃሉን ፋይል ባስተካከሉ ቁጥርም «ፖስትማፕ» የሚለውን ትዕዛዝ ማስኬድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ የድሮውን ቃል ማንበቡን ይቀጥላል።

የይለፍ ቃሉ በጽሑፍ ፋይል ውስጥ መቀመጡ አያሰጋም?

ፋይሉን ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበው ፈቃዱን 600 ያድርጉት። ከዚህ በተጨማሪ ለሰርቨሩ ብቻ የሚያገለግል የተለየ የኢሜይል አካውንት መክፈት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሰርቨሩ ቢሰረቅ ወይም ቢጠለፍ የግል ደብዳቤዎችዎ አብረው አይጋለጡም።

«ሜይልቱ» በሚለው መስመር ላይ አድራሻዬን በትክክል ጽፌያለሁ። ለምን አይሠራም?

ቦታውን ይመልከቱ። በክሮንታብ ውስጥ ይህ መስመር የሚገዛው ከእርሱ በታች ያሉትን ሥራዎች ብቻ ነው፤ ከሥራው በታች ከተጻፈ ለዚያ ሥራ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በመካከል ሌላ «ሜይልቱ» ካለና ዋጋው ባዶ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት ከሆነ፣ ከዚያ በታች ላሉት ሥራዎች ሁሉ ኢሜይል ተከልክሏል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ክሮንታብ አለው፤ በእርስዎ ክሮንታብ ውስጥ የተጻፈው አድራሻ የሩትን ክሮንታብም ሆነ በ«/ኢቲሲ/ክሮን.ዲ» ስር ያሉትን ፋይሎች አይመለከትም።

መስመሩ ጨርሶ ከሌለ ደብዳቤው ለክሮንታቡ ባለቤት፣ ለምሳሌ ለሩት፣ በሰርቨሩ ውስጥ ይላካል። ጠፋ የተባለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ «/ቫር/ሜይል» በሚባለው ማህደር ውስጥ በተጠቃሚው ስም የተሰየመ ፋይል ካለ ይክፈቱት፤ የወራት ደብዳቤ ተከማችቶ ሊጠብቅዎት ይችላል። መፍትሔው «/ኢቲሲ/ኤሊያስስ» በሚለው ፋይል ውስጥ የሩት ደብዳቤ ወደ ውጭ አድራሻዎ እንዲዞር ጽፎ «ኒውኤሊያስስ» የሚለውን ትዕዛዝ ማስኬድ ነው። ከክሮን ሌላ ለሩት የሚጽፉ ፕሮግራሞችም ስላሉ በየክሮንታቡ አድራሻ ከመጻፍ ይልቅ ይህን መንገድ እንመርጣለን። ኤምኤስኤምቲፒ ይህን ፋይል የሚያነበው በራሱ ቅንብር ውስጥ ከታዘዘ ብቻ ነው።

ሰርቨሬ በቀጥታ ወደ ጂሜይል ቢልክ ምን ችግር አለው?

አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄደው በፖርት 25 ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ደግሞ አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ይህን ፖርት ለቤት ደንበኞች ይዘጉታል። ክፍት ቢሆን እንኳ ለቤት መስመሮች የሚሰጡ ተለዋዋጭ አድራሻዎች እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ድርጅቶች ዝርዝር ላይ «ከዚህ በቀጥታ ኢሜይል ሊነሳ አይገባም» ተብለው ስለተመዘገቡ ተቀባዩ በሩን ይዘጋል። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ላኪዎች ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም በተባሉት ዘዴዎች ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል፤ የራሱ የተመዘገበ ስም የሌለው የቤት ሰርቨር ይህን ማሟላት አይችልም።

ስለዚህ እንደ ማንኛውም የኢሜይል ደንበኛ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ወደ አገልግሎት ሰጪዎ ገብተው በእርሱ በኩል ይላኩ። ለዚህ የተመደቡት ፖርት 587 እና ፖርት 465 ናቸው። ሁለቱን ማቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው፤ በ465 ግንኙነቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተመሰጠረ ሲሆን በ587 ግን ግልጽ ሆኖ ተጀምሮ «ስታርትቲኤልኤስ» በሚል ትዕዛዝ ወደ ምስጢር ይሻገራል። አንዱን ፖርት ከሌላው አሠራር ጋር ካጣመሩ ፕሮግራሙ ያለ መልስ ተንጠልጥሎ ይቆይና ጊዜው አለፈ ይላል፣ ወይም ወዲያው የግንኙነት ስህተት ይሰጣል።

ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ቆመ። እኔ ምንም አልነካሁም።

እርስዎ ባይነኩም አገልግሎት ሰጪዎ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ጉግል ለግል አካውንቶች የተራውን የይለፍ ቃል በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች መጠቀምን ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ አቁሟል። አሁን የሚያስፈልገው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርቶ 16 ፊደል ያለው የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ማውጣት ነው። ማይክሮሶፍትም በሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 በአውትሉክ፣ በሆትሜይልና በላይቭ የግል አካውንቶች ላይ በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን ዘግቷል፤ ሰርቨራቸው በእነዚህ አድራሻዎች ይልክ የነበሩ ሰዎች ሌላ አገልግሎት መፈለግ ሊኖርባቸው ይችላል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር አለ። የጉግል አካውንትዎን ዋና የይለፍ ቃል ሲቀይሩ ከዚህ ቀደም ያወጧቸው የመተግበሪያ የይለፍ ቃሎች ይሻራሉ። በስልክ ላይ የተደረገ ጥንቃቄ የተሞላበት የይለፍ ቃል ለውጥ ቤት ያለውን ሰርቨር ድምፁን ያጠፋዋል፤ ሰርቨሩም ድምፁ መጥፋቱን የሚነግርበት ሌላ መንገድ የለውም።

ሌላው ምክንያት የሰዓት መዛባት ነው። ከራስፕቤሪ ፓይ 5 በፊት የነበሩት ፓይዎች መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚቆጥር የራሳቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ በ5ኛውም ቢሆን ባትሪው ለብቻው ይገጠማል። ረጅም የመብራት መቋረጥ ካለፈ በኋላ ሰርቨሩ ከኢንተርኔት ትክክለኛውን ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ባለፈ ቀን ውስጥ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ያን ጊዜ የኢሜይል ሰርቨሩ የምስክር ወረቀት ገና የማይጸና መስሎ ስለሚታየው የተመሰጠረው ግንኙነት አይከፈትም። «ታይምዴትሲቲኤል» የሚለው ትዕዛዝ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መስተካከሉን ያሳያል።

የፖስትፊክስ ሎግ «ተልኳል» ይላል፣ ደብዳቤው ግን የለም።

ሎጉ «ሴንት» ሲል ቀጣዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ተረክቧል ማለት ነው እንጂ እርስዎ አይተውታል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የትኛው ሰርቨር እንደተረከበ በዚያው መስመር ላይ ያንብቡ፤ «ሎካል» የሚል ከሆነ ደብዳቤው ከቤት አልወጣም። የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ከሆነ አይፈለጌ መልእክት ማህደሩንና ያወጧቸውን ማጣሪያዎች ይፈትሹ። ክሮን ላኪውን ሩት ስለሚለውና የመላኪያው ፕሮግራም የሰርቨሩን የቤት ውስጥ ስም ስለሚያክልበት፣ በኢንተርኔት ላይ በሌለ ስም የተላከ ደብዳቤ በቀላሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይወድቃል። አንዳንድ አገልግሎቶች ደግሞ ላኪው ከገባው አካውንት ጋር ካልተመሳሰለ ጨርሶ አይቀበሉም። በፖስትፊክስ «ኤስኤምቲፒ ጀነሪክ ማፕስ» የሚባለው ቅንብር የላኪውን አድራሻ ወደ እውነተኛው አድራሻዎ ይለውጣል።

«ዲፈርድ» የሚል ካዩ ደብዳቤው በወረፋ ላይ ነው፤ «ሜይልኪው» የሚለው ትዕዛዝ ወረፋውንና የዘገየበትን ምክንያት ያሳያል። «ባውንስድ» ከሆነ ተመላሽ ሆኗል፤ ምክንያቱም በዚያው መስመር ላይ ተጽፏል።

በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፣ በክሮን ግን አይሠራም።

ክሮን ሥራውን የሚያስነሳው በጣም በጠበበ አካባቢ ውስጥ ነው። ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ማህደሮች በዴቢያን «/ዩዝር/ቢን» እና «/ቢን» ብቻ ስለሆኑ በሌላ ቦታ የተጫነ ፕሮግራም በስሙ ብቻ ቢጠራ አይገኝም፤ ሙሉ አድራሻውን ይጻፉ። የ«%» ምልክት በክሮንታብ ውስጥ የመስመር መቁረጫ ተደርጎ ይነበባል፤ የባክአፕ ፋይሉን በቀን ለመሰየም «ዴት» የሚለውን ትዕዛዝ በክሮንታቡ ላይ የሚጽፍ ሰው ከምልክቱ በፊት «\» ካላደረገ ትዕዛዙ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። በ«/ኢቲሲ/ክሮን.ዴይሊ» ውስጥ የሚቀመጥ ስክሪፕት በስሙ ላይ ነጥብ ሊኖረው አይገባም። «ባክአፕ.ኤስኤች» ተብሎ የተሰየመ ስክሪፕት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዘለላል፣ ስለዚህም ኢሜይል አይልክም። ነጥቡንና ቅጥያውን ብቻ ቢያነሱ ይሠራል።

ሥራው የሚነሳው ካሰብኩት ሰዓት ውጭ ነው። የሰዓት አቆጣጠሩ እንዴት ነው?

ክሮን የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲነሳ የታሰበ ሥራ በክሮንታብ ላይ 2 ተብሎ ይጻፋል፤ 8 ተብሎ ከተጻፈ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔቱን በሚጠቀምበት ጊዜ ይነሳል። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን በአብዛኛው ዩቲሲን (ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት የሚዘገየውን ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሚይዝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰርቨር የሰዓት ክልሉ ካልተስተካከለለት 2 ተብሎ የተጻፈው ሥራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። የሰዓት ክልሉን ከቀየሩ በኋላ ክሮንን እንደገና ያስነሱት። ወርኃዊ ሥራዎችም የሚቆጠሩት በአውሮፓውያን ወር ነው፤ የወሩ 1ኛ ቀን ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከ20ኛው እስከ 26ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ሰዓት በሚቀየርበት ሌሊት ሥራው ይዘለላል ወይም ይደገማል ብለው እንዳይሰጉ፣ የዴቢያን ክሮን ከሦስት ሰዓት ያነሰ ለውጥን በልዩ ጥንቃቄ ያስተናግዳል።

ሥራው በሚነሳበት ሰዓት መብራት ከሌለ ክሮን በኋላ አይተካውም። ያመለጠውን እንዲተካ ከተፈለገ አናክሮን የተባለውን ፕሮግራም መጠቀም ወይም ሥራውን ወደ ሲስተምዲ ታይመር (የሲስተሙ አገልግሎት አስተዳዳሪ ወደሆነው ሲስተምዲ የሰዓት ቀጣሪ) አዛውሮ «ፐርሲስተንት» የሚለውን ቅንብር ማብራት ይገባል።

ሥራዎቼን ወደ ሲስተምዲ ታይመር ካዛወርኩ በኋላ ኢሜይሉ ቆመ።

ሲስተምዲ ታይመር ኢሜይል አይልክም፤ የሥራው ጽሑፍ ወደ ጆርናል (ወደ ሲስተምዲ ሎግ) ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ኢሜይል ከፈለጉ «ኦንፌይለር» በሚለው መስመር ሥራው ሲከሽፍ የሚነሳ ሌላ አገልግሎት መጻፍ አለብዎት። ይህ ድካም ቢኖረውም ከክሮን የተሻለ ጎን አለው፤ ሲስተምዲ የሚመለከተው የመውጫ ኮዱን ስለሆነ ምንም ሳያትም የከሸፈ ሥራም አያመልጠውም። በዶከር ኮንቴይነር (ከዋናው ሰርቨር ተለይቶ በታጠረ አካባቢ) ውስጥ የሚሠራ ክሮን ደግሞ የሚያየው በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ በዋናው ሰርቨር ላይ የተጫነው ፖስትፊክስ አይጠቅመውም። ትሩናስ የተባለው የፋይል ማከማቻ ሲስተም ለእያንዳንዱ የክሮን ሥራ ውጤቱን የሚደብቅ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለው፤ እርሱ ምልክት ከተደረገበት ኢሜይል አይጠብቁ።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በኢሜይሉ ላይ በቁጥር ተተክተው ይደርሱኛል።

ክሮን ሥራውን ሲያስነሳ የቋንቋ ቅንብሩ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛን ብቻ የሚያውቀው ነው። በዚህ ቅንብር አርሲንክ ሊያትማቸው የማይችላቸውን ባይቶች በኮድ ስለሚተካ፣ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት የሚይዘው እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል «\#341» ብሎ በሚጀምር የሦስት ኮድ ሰንሰለት ይለወጣል። በክሮንታቡ አናት ላይ የ«ላንግ» ተለዋዋጭን «ሲ.ዩቲኤፍ-8» ያድርጉት። ደብዳቤው ራሱ በትክክል እንዲነበብ ደግሞ «ኮንተንት ታይፕ» የሚለውን ተለዋዋጭ ወደ ዩቲኤፍ-8 ጽሑፍ ይቀይሩት። የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ በአማርኛ ስም ለሚያስቀምጡ ይህ ትንሽ ማስተካከያ ናት፤ ነገር ግን የትኛው ፋይል እንዳልተገለበጠ ማንበብ የሚቻለው በእርሷ ነው።

በየቀኑ የሚመጡት ኢሜይሎች በዝተው ማንበብ ትቻለሁ።

ይህም ከኢሜይል መቅረት የማይሻል ችግር ነው። «ሞርዩቲልስ» በሚባለው ጥቅል ውስጥ «ክሮኒክ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በሥራው ፊት ሲጻፍ ሥራው በሰላም ካለቀ ጽሑፉን ሁሉ ይውጣል፣ ከከሸፈ ግን ሙሉውን ያወጣል። ስክሪፕቱ ራሱ ስህተት ሲያጋጥመው ከዜሮ በተለየ ኮድ መውጣቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። በመስመር መካከል የከሸፈ ትዕዛዝ በቀጣዩ ስኬታማ ትዕዛዝ ከተሸፈነ ክሮኒክ አያየውም።

ኢሜይል አለመምጣቱ ሰላም መሆኑን ወይም ሰርቨሩ መሞቱን በምን ልለይ?

በኢሜይል ብቻ መለየት አይቻልም። መብራት የጠፋበት፣ ዲስኩ የተበላሸበት ወይም ኢንተርኔት የሌለው ሰርቨር ስለ ራሱ ሊናገር አይችልም፤ በቴሌግራም ቦት መልእክት እንዲልክ ቢደረግም ተናጋሪው ያው ሰርቨር ስለሆነ ችግሩ አይፈታም። መፍትሔው ጥበቃውን መገልበጥ ነው። ከቤት ውጭ ያለ አንድ አገልግሎት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ «ሠርቻለሁ» የሚል ምልክት ከሰርቨሩ ይጠብቃል፤ ምልክቱ ከቀረ ኢሜይሉን የሚጽፈው ያ አገልግሎት ነው። ሄልዝቼክስ የሚባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። በሥራው መስመር መጨረሻ ላይ «&&» አድርገው አገልግሎቱ የሰጠዎትን የድር አድራሻ «ከርል» በሚለው ትዕዛዝ ይጥሩ፤ ሥራው ካልተሳካ ጥሪው አይደረግም። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት አካባቢ የመታገሻ ጊዜውን ጥቂት ሰዓታት ማድረግ ይሻላል፤ አለበለዚያ በየመቋረጡ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሰውን ያሰለቻል። ይህን ፕሮግራም በራስዎ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ያንኑ ሰርቨር ከሆነ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ስለሚወድቅ ሌላ ቦታ ያስቀምጡት።

ክሮን ከተስተካከለ በኋላ ሌላ የሚፈተሽ ነገር አለ?

አለ። ዲስኮችን የሚከታተሉት ኤምዲአድምና ስማርትዲ ማስጠንቀቂያቸውን የሚልኩት በዚያው የመላኪያ ፕሮግራም በኩል ነው፤ ኢሜይሉ በቀረባቸው ወራት ውስጥ ስለሚሞት ዲስክ ጽፈው ሊሆን ይችላልና የሩትን የቆየ ደብዳቤና የሬይዱን (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ የዲስኮች ስብስብ) ሁኔታ ዛሬውኑ ይመልከቱ። ኤምዲአድም በሞኒተር ትዕዛዙ ላይ «ቴስት» የሚለው አማራጭ ሲጨመር ለእያንዳንዱ ሬይድ የሙከራ ደብዳቤ ይልካል፤ ስማርትዲም በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «-ኤም ቴስት» ሲጻፍለት፣ «ኤም» በትልቁ ፊደል ሆኖ፣ አገልግሎቱ እንደገና ሲነሳ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። ሁለቱም ደብዳቤዎች ስልክዎ ላይ ሲደርሱ ካዩ በኋላ የስማርትዲን የሙከራ ቅንብር ያንሱት።